የዴስክቶፕ ሶፍትዌሮች ነባሪ ገጽታ እና የመጀመሪያ እይታ የሚፈጥረው ግምት

መግቢያ

አንድ ሰው በኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት የሚያያቸውን ቀለሞች፣ የፊደል መጠን፣ የምልክቶች አቀማመጥና የጀርባ ምስል የመረጠው ራሱ አይደለም። እነዚህን ሁሉ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት፣ አንዳንድ ጊዜም ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ባለሙያ፣ ተጠቃሚው ሌላ ምርጫ እስኪያደርግ ድረስ እንዲያገለግሉ አስቀድሞ ወስኗቸዋል። ይህ አስቀድሞ የተወሰነ መልክ «ነባሪ ገጽታ» ይባላል።

ነባሪ ገጽታ ሊለወጥ የሚችል መነሻ ነው። ሆኖም ብዙ ተጠቃሚዎች ቅንብሮችን ከፍተው የመለወጥ ልማድ ስለሌላቸው መነሻው ቋሚ ሆኖ ይቀራል። ስለ ፕሮግራሙ «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም»፣ «ቀላል ነው» ወይም «ለእኔ አይሆንም» የሚል ብያኔ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ መልክ በማየት ነው። የብያኔው ውጤት ቀላል አይደለም። በነጻ የሚገኝ ጠቃሚ ፕሮግራም ተሞክሮ ሳያበቃ ሊጣል፣ ለማይታመን ፕሮግራም በር ሊከፈት፣ ወይም አንድ ሰው ኮምፒውተር መማሩን ጨርሶ ሊተው ይችላል።

ይህ ማብራሪያ ነባሪ ገጽታ ምን እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ግምትን እንዴት እንደሚቀርጽ፣ በአማርኛ ለሚሠሩ ተጠቃሚዎች ምን ልዩ ትርጉም እንዳለው፣ እንዲሁም ተገልጋዮች አንድን ፕሮግራም ከመቀበላቸው ወይም ከመተዋቸው በፊት ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ያቀርባል።

ነባሪ ገጽታ ምን ምን ያካትታል?

ነባሪ ገጽታ ሲባል በስክሪን ላይ ከሚታዩት ነገሮች ውስጥ ተጠቃሚው ሊለውጣቸው የሚችሉትን በሙሉ ያጠቃልላል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• የመስኮቶች፣ የአሞሌዎችና የጀርባ ቀለም፤
• የፊደል ዓይነትና መጠን፤
• የቁልፎችና የምልክቶች ቦታ፣ ብዛትና ቅርጽ፤
• ፕሮግራሙ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው ገጽ፤
• የቋንቋ፣ የቀን፣ የሰዓትና የወረቀት መጠን ምርጫዎች።

ከዚህ በተቃራኒ ፕሮግራሙ ሊሠራቸው የሚችላቸው ተግባራት፣ የሚያስቀምጣቸው የፋይል ዓይነቶች፣ ፍጥነቱ፣ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝ መሆን አለመሆኑና የተጠቃሚውን መረጃ የሚይዝበት መንገድ ከገጽታው ውጭ ናቸው። እነዚህ በመጀመሪያው ደቂቃ አይታዩም። ተጠቃሚውን ለዓመታት የሚጠቅሙት ወይም የሚጎዱት ግን በአብዛኛው እነዚህ የማይታዩት ናቸው።

ነባሪ ገጽታ ሁልጊዜ ከሠሪው የሚመጣ እንዳልሆነም ሊታወቅ ይገባል። ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው የሚያየው መልክ የቀድሞው ባለቤት ወይም የሻጩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። በሥራ ቦታ የሚታየው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ያስቀመጠው ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ፕሮግራም ፍጹም የተለያየ ግምት ይዘው ሁለቱም ያዩትን በትክክል ሊናገሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያ እይታ ለምን ይከብዳል?

ሰው መልኩ ያማረለትን ነገር ለአጠቃቀምም ቀላል አድርጎ የመገመት ዝንባሌ እንዳለው በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ማሳኪ ኩሮሱ እና ካኦሪ ካሺሙራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የኤቲኤም ማሽን ስክሪን በ26 የተለያዩ አደራደሮች አዘጋጅተው ለ252 ሰዎች አቀረቡ። ተሳታፊዎቹ እያንዳንዱ አደራደር ምን ያህል እንደሚያምርና ለአጠቃቀም ምን ያህል ቀላል እንደሚመስል እንዲገመግሙ ተጠየቁ። ቀላል መስሎ ለመታየት የበለጠ ተዛምዶ የተገኘው ውበቱ እንጂ አጠቃቀሙን በእርግጥ የሚያቀሉት ነገሮች አልነበሩም።

ኖአም ትራክቲንስኪ የተባሉ ተመራማሪ ይህ ውጤት ከጃፓን ባህል ጋር የተያያዘ ይሆን ወይ የሚለውን ለማጣራት እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡትን ጥናት በእስራኤል አካሂደው ተመሳሳይ ዝምድና አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች በማሽኑ ከተገለገሉ በኋላም የውበቱ ተጽዕኖ በግምታቸው ላይ እንደሚቀር አመልክቷል። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው እይታ ከአጠቃቀም በፊት ብቻ ሳይሆን ከአጠቃቀም በኋላም ይናገራል።

ግምቱ የሚፈጠርበት ፍጥነትም የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ በጊቴ ሊንድጋርድ መሪነት የወጣ ጥናት ሰዎች አንድን ድረ ገጽ ለ50 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ጊዜ ብቻ አይተው ስለ ውበቱ ብያኔ እንደሚሰጡና ይህም ብያኔ ረዘም ላለ ጊዜ አይተው ከሚሰጡት ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው በድረ ገጾች ላይ ቢሆንም፣ ዓይን ከአእምሮ ቀድሞ መፍረዱ በዴስክቶፕ ፕሮግራሞችም ዘንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከሶፍትዌር ታሪክ የተወሰዱ ምሳሌዎች

ዊንዶውስ ኤክስፒ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2001 ገበያ ላይ የዋለው ይህ ስርዓተ ክወና ሰማያዊ አሞሌ፣ አረንጓዴ የ«ስታርት» ቁልፍና አረንጓዴ ኮረብታ የሚታይበት የጀርባ ምስል ይዞ ቀረበ። ምስሉ ቻርልስ ኦሪር የተባሉ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ ሶኖማ ካውንቲ ያነሱት ነው። ስርዓቱ በውስጡ ከዊንዶውስ 2000 ብዙም የራቀ አልነበረም፤ የውስጥ ስሪት ቁጥራቸው 5.0 እና 5.1 መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። በመልክ ግን ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ይመስሉ ነበር። አዲሱ መልክ ያልጣመው ተጠቃሚ ከቅንብሮች ውስጥ የቀድሞውን መልክ መርጦ መመለስ ይችል ነበር።

ዊንዶውስ 8። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የወጣው ይህ ስሪት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባለቀለም ሰቆች የተደረደሩበትን ገጽ አስቀድሞ ያሳይ ነበር። ከ1995 ጀምሮ በዴስክቶፑ ጥግ የተለመደው የ«ስታርት» ቁልፍም ከቦታው ተነሣ። ስርዓቱ ከቀደመው በፍጥነት የሚነሳ ነበር፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ፕሮግራሞችም ይሠሩበታል። ይሁንና ብዙ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተሩን እንዴት እንደሚያጠፉ እንኳ ግራ ተጋብተው ቅሬታ አሰሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ በስሪት 8.1 ቁልፉ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ዝርዝሩም ጭምር ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጊምፕ እና ብሌንደር። ጊምፕ የተባለው ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ የሚከፈተው በተበታተኑ ትናንሽ መስኮቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁሉንም በአንድ መስኮት የሚሰበስብ አማራጭ ተጨመረለት፤ አማራጩ ነባሪ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ብሌንደር በተባለው የሥነ ሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራም ደግሞ ዕቃ የሚመረጠው በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ነበር። ይህም በሌሎች ፕሮግራሞች የግራውን ቁልፍ የለመደ ጀማሪን ያደናግር ነበር። ወደ ግራ ቁልፍ መቀየር ከቅንብሮች ውስጥ ቀድሞም ይቻል ነበር፤ ነባሪው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በስሪት 2.80 ነው። በሁለቱም ፕሮግራሞች ለዓመታት «አስቸጋሪ» የተባለው ነገር መፍትሔው እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሊብሬ ኦፊስ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስሪቱ የቀድሞዎቹን ሜኑዎች በሰፊ የትዕዛዝ አሞሌ ተክቷል። በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ግን ነባሪ ገጽታውን በተለመዱት ሜኑዎችና አሞሌዎች ላይ አቆይቷል። በዚህ ምክንያት በአዲሱ የማይክሮሶፍት መልክ የሠለጠነ ሰው ሊብሬ ኦፊስን ሲከፍት «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ስሪት 6.2 ወዲህ ግን «ቪው» በሚለው ሜኑ ሥር «ዩዘር ኢንተርፌስ» የሚለውን ከፍቶ «ታብድ» የሚለውን በመምረጥ ተቀራራቢ መልክ ማግኘት ይቻላል። ደብዳቤ መጻፍ፣ የሂሳብ ሠንጠረዥ መሥራትና ሰነድን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ በሁለቱም መልኮች አንድ ናቸው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። የመጀመሪያው መልክ የሠሪዎች ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም በሚቀጥለው ስሪት ሊሻር ይችላል። ፕሮግራሙ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን አይደለም።

የግዕዝ ፊደል እና ነባሪ ገጽታ

አብዛኞቹ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ነባሪ ገጽታቸው የተወሰነው በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ተጠቃሚ ነው። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ስለ አንድ ፕሮግራም ወይም ፋይል የሚይዘው የመጀመሪያ ግምት በዚህ ምክንያት ሊዛባ የሚችልባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ።

የመጀመሪያው ፊደሉ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ በኋላም ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ ጽሕፈት የሚከናወነው የግዕዝን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ልዩ ፎንቶች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ተገቢው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ደግሞ የግዕዝ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ሊታይ ይችላል። በሁለቱም ሁኔታዎች ሰነዱ የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም። እንዲህ ያለውን ሰነድ ማጥፋት ወይም ደግሞ ማስጻፍ አስፈላጊ አይደለም፤ ተገቢውን ፎንት መጫን ይበቃል።

ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ «ንያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን ንያላ እንደ አማራጭ የሚጨመር ሆኖ የግዕዝን ፊደል በነባሪነት የሚያሳየው «ኤብሪማ» የተባለው ፎንት ነው። በንያላ ተዘጋጅቶ የነበረ ሰነድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መስመሩና ገጹ ተዛንፎ ቢታይ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» እና «አቢሲኒካ» የተባሉት ፎንቶችም በነጻ ይገኛሉ።

ሁለተኛው የፊደሉ መጠን ነው። በግዕዝ ፊደል አንዱን ሆሄ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭረት ነው። በ«ሉ» እና በ«ሊ»፣ በ«ቡ» እና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት ጭረቱ በቀኝ እግር መሐል ወይም ግርጌ መሆኑ ብቻ ነው። ለላቲን ፊደል በቂ የሆነ ነባሪ መጠን እነዚህን ለመለየት ሊያንስ ይችላል። ይህ የዓይን ምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ተገልጋይ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በትክክል መመዝገቡን በስክሪን ላይ አይቶ ሲያረጋግጥ አንዲት ጭረት ብታልፈው ስህተቱ ወደ ሰነዱ ይገባል፤ ኋላም ሌሎች ሰነዶች ከእርሱ ጋር አይመሳከሩም። ስለዚህ ስምን ከማረጋገጥ በፊት ጽሑፉ እንዲጎላ ማድረግ ወይም እንዲጎላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የቀንና የሰዓት አቀራረብ ነው። የኮምፒውተር ሰዓት በነባሪነት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ዘመኑንም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያሳያል። በስክሪን ላይ ጠዋት 8:00 ተብሎ የሚታየው በአገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው። ቀጠሮ የተያዘለት ተገልጋይ የተጻፈው ሰዓትና ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማረጋገጡ ከከንቱ ምልልስ ያድነዋል።

የተሳሳተ ግምት የሚያስከትላቸው ጉዳቶች

ራስን መውቀስ። ጽሑፉ ደቆ የታየው፣ ቁልፉን ያጣው ወይም መስኮቱን መዝጋት ያልቻለ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። «ይህ የወጣቶች ነገር ነው» ብለው ኮምፒውተርን የሚተዉ አዋቂዎች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ ለምሳሌ ኡቡንቱ በተባለው ስርዓተ ክወና ከ2010 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የመስኮት መዝጊያው ቁልፍ በነባሪነት በግራ በኩል ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ደግሞ በቀኝ። ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚያዛውሩትን ቁልፍ ተጠቃሚው ቢያጣው የችሎታ ማነስ ምልክት አይሆንም።

ጠቃሚውን መተው። ያለ ክፍያ የሚገኝና በየጊዜው የሚሻሻል ፕሮግራም በመልኩ ብቻ ሲናቅ፣ ተጠቃሚው በምትኩ ፈቃድ የሌለው ቅጂ ወደ መጫን ሊያመራ ይችላል። እንዲህ ያለው ቅጂ በመልኩ ከዋናው አይለይም፤ በውስጡ ግን ጎጂ ፕሮግራም ተሰውሮበት ሊሆን ይችላል።

የማይታመነውን ማመን። አታላዮች ሰዎች የለመዱትን ነባሪ ገጽታ አመሳስለው ይሠራሉ። «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፤ እዚህ ይጫኑ» የሚሉ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያዎች የስርዓተ ክወናውን መስኮት፣ ቀለምና ምልክት አስመስለው የሚቀርቡት ተጠቃሚው መልኩን አይቶ እንዲያምን ነው። የታወቀ መልክ የታወቀ ምንጭ ማለት አይደለም።

ከመወሰን በፊት ሊወሰዱ የሚገቡ እርምጃዎች

አንድን ፕሮግራም ለመቀበል ወይም ለመተው የሚያስብ ተገልጋይ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ቢፈጽም ውሳኔው በመልክ ላይ ብቻ እንዳይመሠረት ይረዳዋል።

1. የሚፈለገውን ሥራ አስቀድሞ መለየት። «ደብዳቤ በአማርኛ ጽፎ ማተም» ወይም «የወር ወጪን መደመር» እንደሚሉት ያለ አንድ ተጨባጭ ሥራ መምረጥና ፕሮግራሙን በእርሱ መመዘን።

2. ጽሑፉን ማጉላት። በዊንዶውስ 11 «ቅንብሮች» ውስጥ ተደራሽነትን በሚመለከተው ክፍል የጽሑፍ መጠን ሊጨመር ይችላል። በብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ የ«ኮንትሮል» ቁልፍን ተጭኖ የማውሱን ጎማ ወደ ላይ ማሽከርከር የተከፈተውን ሰነድ ያጎላል።

3. የአማርኛን ጽሕፈት መሞከር። የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ መጨመሩን፣ ፊደሉ በትክክል መታየቱንና ሰነዱ ተቀምጦ እንደገና ሲከፈት አለመለወጡን ማረጋገጥ።

4. የለመዱትን አቀማመጥ መፈለግ። በዊንዶውስ 11 ወደ መሐል የመጡት የአሞሌ ምልክቶች ከአሞሌው ቅንብሮች ወደ ግራ ሊመለሱ ይችላሉ። በሌሎች ፕሮግራሞችም «ቅንብሮች»፣ «ምርጫዎች» ወይም «እይታ» በሚሉት ሥር ተመሳሳይ አማራጮች ይገኛሉ።

5. ብርሃንንና ቀለምን ማስተካከል። ጥቁር ገጽታ ለአንዱ ዓይን ሲመች ለሌላው ይከብዳል። ሁለቱንም በቀን ብርሃንና በማታ ሞክሮ የሚስማማውን መምረጥ ይገባል።

6. መመለሻውን ማወቅ። ማንኛውንም ለውጥ ከማድረግ በፊት ወደ ነባሪው የሚመልሰው ትዕዛዝ የት እንዳለ ማየት፣ ወይም የነበረውን መልክ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ። መመለሻውን የሚያውቅ ሰው ለመሞከር አይፈራም።

7. ምንጩን ማጣራት። ፕሮግራሙ ከሠሪው ድርጅት ይፋዊ ድረ ገጽ ወይም ከታወቀ የመተግበሪያ መደብር የተገኘ መሆኑን፣ የደኅንነት ማሻሻያም የሚያገኝ መሆኑን ማረጋገጥ። ባልተጠበቀ ጊዜ ብቅ ያለን ማስጠንቀቂያ ሳይጫኑ መዝጋትና በሚያውቁት የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም መፈተሽ።

8. ጊዜ መስጠት። ከአንድ የሥራ ቀን ይልቅ በተለያዩ ቀናት ተመሳሳዩን ሥራ ደጋግሞ ከሠሩ በኋላ መወሰን። በመጀመሪያው ቀን የተፈለገው ቁልፍ በሦስተኛው ቀን እጅ ራሱ ያገኘዋል።

ለሌሎች ኮምፒውተር የሚያዘጋጁ ሰዎች ኃላፊነት

በማሠልጠኛ ተቋም፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በአገልግሎት መስጫ ማዕከል ወይም በቤተሰብ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው የሌሎችን የመጀመሪያ ግምት ይወስናል። እርሱ በአንድ ደቂቃ የሚያስቀምጠው ምርጫ ለብዙ ሰዎች የዕለት ተዕለት ገጠመኝ ይሆናልና የሚከተሉትን ቢያስብ መልካም ነው።

የጽሑፍና የጀርባ ቀለም በግልጽ ሊለያዩ ይገባል። ዓለም አቀፉ የድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የንጽጽር መጠን ያስቀምጣል፤ መመሪያው ለድር ይዘት የወጣ ቢሆንም ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞችም መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳና የግዕዝ ፎንት አስቀድመው ቢጫኑ ተጠቃሚው የመጀመሪያውን ሰዓት በባዶ ሳጥኖች አያሳልፍም። ለሥራው የማያስፈልጉ ምልክቶችን ከዴስክቶፑ ማንሣት ተፈላጊዎቹ ጎልተው እንዲታዩ ያደርጋል።

ሰዎች የለመዱትን መልክ መለወጥ ሲያስፈልግ ደግሞ አስቀድሞ ማሳወቅና የቀድሞው ቁልፍ አሁን የት እንዳለ ማሳየት ይገባል። ያለ ማስታወቂያ የመጣ ለውጥ፣ የተሻለ እንኳ ቢሆን፣ ለተጠቃሚው ብልሽት መስሎ ይታየዋል። አዛውንትን ወይም ጀማሪን የሚያስተምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የፊደሉን መጠን እንዴት እንደሚጨምር ቢያሳየው ለሌላው ትምህርት ሁሉ መንገድ ይከፍትለታል።

ማጠቃለያ

ነባሪ ገጽታ በፕሮግራሙና በተጠቃሚው መካከል የሚደረግ የመጀመሪያ ትውውቅ ነው። ትውውቁ ፈጣን ነው፤ ግምቱም በቀላሉ አይለቅም። ነገር ግን በዚያ ቅጽበት የሚታየው ሌላ ሰው፣ ምናልባትም በሌላ አገር ለሌላ ፊደል ተጠቃሚ፣ ያስቀመጠው ምርጫ ነው። የፕሮግራሙን አቅምም ሆነ የተጠቃሚውን ችሎታ አይለካም።

በመሆኑም ተገልጋዮች አንድ ፕሮግራም በመጀመሪያ እይታ ባይስማማቸው ከመተዋቸው በፊት ጽሑፉን አጉልተው፣ አቀማመጡን አስተካክለውና የሚፈልጉትን ሥራ ሠርተውበት እንዲመዝኑት ይመከራል። በመጀመሪያ እይታ እጅግ ያማረላቸውንም ቢሆን ምንጩን ሳያጣሩ እንዳይቀበሉት ማስተዋል ይገባቸዋል።